ዲናር፦ የቄሣሮች መልክ ያረፈባት ብር

መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው የሮማን የብር ሳንቲም ዲናርን ያውቃታል። ክርስቶስ የግብሩን ብር አሳዩኝ ሲል ያመጡለት እሷን ነው። ብዙ ሊቃውንት የጢባርዮስ ቄሣር ዲናር ሳትሆን አትቀርም ይላሉ። እስቲ ቀረብ ብለን እንያት። ስፋቷ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ክብደቷ 4 ግራም አይሞላም። በፊቷ የቅጠል አክሊል የደፋው ጢባርዮስ ወደ ጎን ያያል። ዙሪያውን «ጢባርዮስ ቄሣር፣ የአምላኩ አውግስጦስ ልጅ» የሚል ጽሕፈት አለ፤ ቦታው ስለማይበቃ ቃላቱ ተቆራርጠዋል። በጀርባዋ አንዲት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። «የአምላኩ ልጅ» የሚለው ለአይሁድ ጆሮ እንዴት እንደሚቆረቁር መገመት አያዳግትም።

ዲናር የተጀመረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ገደማ፣ ሮማ ከካርታጎው የጦር መሪ ከሃኒባል ጋር ስትዋጋ ነው። ስሟ የመጣው «አሥር» ከሚለው ቃል ነው፤ መጀመሪያ በ10 የነሐስ ሳንቲም ትመነዘር ነበርና። በኋላ 16 ሆነ፣ ስሙ ግን አልተቀየረም።

ያኔ በሕይወት ያለ ሮማዊ መልኩን በሮማ ብር ላይ አያስቀርጽም ነበር። ይህን ልማድ ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 አፈረሰው። ብዙም ሳይቆይ በጩቤ ተገደለ። ጉዱ ያለው ገዳዩ ብሩተስ ጋ ነው። ንጉሥ አንፈልግም ያለው ሰውዬ በተራው የራሱን መልክ አስቀረጸ! በጀርባው ሁለት ጩቤ፣ መሃላቸው ነፃ የወጣ ባሪያ የሚደፋው ቆብ፣ ከሥር የግድያው ቀን። እንዲህ ያለ ድፍረት በሌላ ሳንቲም ላይ አላየሁም።

አሠራሯ የጉልበት ነው። ክብ የብር ቁራጭ በሁለት ማኅተሞች መሃል ይቀመጥና በመዶሻ ይመታል። መሃሉን የሳተ ብዙ ነው፤ አፍንጫው የተቆረጠ ቄሣርም አይጠፋም።

እኛ «ዘውድ ወይስ ጎፈር» እንደምንለው፣ የሮማ ልጆች «ራስ ወይስ መርከብ» ይሉ ነበር። በዲናር ላይ ዘውዱ የገዢው ፊት ነው፤ ጎፈሩ ወሬው። አውግስጦስ ግብፅን ሲይዝ አዞ አስቀርጾ «ግብፅ ተያዘች» አስባለ። ቬስፓስያን ኢየሩሳሌም ከወደቀች በኋላ ይሁዳን ተቀምጣ በምታዝን ሴት አሳየ።

ፊቱ ሲያምር ብሩ ግን እየቀነሰ ሄደ። ኔሮን እ.ኤ.አ. በ64 ክብደቷንም ጥራቷንም ቀነሰ። በሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ዘመን ግማሽ ያህሉ ብቻ ብር ነበር። በ270 ገደማ የሮማ «ብር» ከመቶ 5 እጅ እንኳ ብር የሌለው፣ ላዩን የተለበጠ መዳብ ሆኖ አረፈው።

ዲናር እኛም ዘንድ ደርሳለች። በ1ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ የግሪክ የነጋዴዎች መመሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገባው ዕቃ መሃል ጥቂት ዲናር ይጠቅሳል፣ እዚያ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች። አክሱም የራሷን ገንዘብ የጀመረችው በ3ኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሥ እንዱቢስ ነው። የእሱ ወርቅ በሁለቱም ወገን የንጉሡ መልክ ነው ያለበት። ብትወረውሩት ሁልጊዜ ዘውድ።