ሩዝ ስልክ አያደርቅም፦ ስለ ስልኮቻችን የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በየዓመቱ ጥር 12 ቀን ጠዋት የጥገና ሱቄን ስከፍት በር ላይ ቆመው የሚጠብቁኝ ደንበኞች ምን እንደገጠማቸው ሳልጠይቅ አውቃለሁ። ከአንድ ቀን በፊት፣ በጥምቀት ዕለት፣ ጸበሉ በቱቦ ሲረጭ ስልካቸውን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ቪዲዮ ሲቀርጹ የዋሉ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ስልኩን የሚያመጡት ሩዝ በተሞላ ፌስታል ውስጥ ሲሆን፣ «ሌሊቱን ሙሉ ሩዝ ውስጥ አሳድሬዋለሁ» ብለው የሚነግሩኝም ምስጋና በሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ስልክ መጠገን ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። ከተማችን ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች በመሆኗ ውሃ የገባበት ስልክ ከጥምቀት ውጭም አይጠፋብኝም፤ አሞራ ገደል ዓሣ ሲገዙ ያመለጣቸው፣ ከጀልባ ሲወርዱ ዳር ላይ የወደቀባቸው፣ ልብስ ሲያጥቡ ከኪስ ሳያወጡት የዘነጉት ሁሉ ይመጣሉ። ሩዝ ያዳነው ስልክ እስካሁን አላየሁም። ሩዝ ውስጥ በማደሩ ምክንያት ከመዳን ያለፈ ስልክ ግን ደጋግሜ አያለሁ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁትም ስለዚሁ ነው።

«ሩዝ እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ ስልኩን ያደርቀዋል።»

የመጀመሪያው ሐረግ ስህተት የለበትም። ደረቅ ሩዝ በዙሪያው ካለው አየር ጥቂት እርጥበት ይወስዳል፤ በአንዳንድ ምግብ ቤቶች የጨው ዕቃ ውስጥ ጥቂት የሩዝ ፍሬዎች የሚጨመሩትም ለዚህ ነው። ስህተቱ ያለው «ስለዚህ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ስልክ ውስጥ የገባው ውሃ የሚቀመጠው በስክሪኑና በጀርባ ክዳኑ መካከል፣ ቦርዱ (ቺፖቹን የተሸከመው የውስጥ ሰሌዳ) ላይ በተበየዱት የብረት ክዳኖች ሥር፣ ከጠብታም ባነሰ መጠን በቺፖቹ እግሮች መካከል ተጣብቆ ነው። የሩዙ ፍሬ እዚያ አይደርስም፤ ውሃውም በቻርጅ ቀዳዳው በኩል ወጥቶ ሩዙን ፍለጋ አይሄድም። በዚያ ላይ በፌስታል ተቋጥሮ በሩዝ የተከበበ ስልክ ነፋስ አያገኝም። ልብስን ለማድረቅ ገመድ ላይ የሚያሰጣ ሰው፣ ስልኩን ለማድረቅ ለምን ጆንያ ውስጥ እንደሚቀብረው ዛሬም አይገባኝም።

ደንበኞቼን በቃል ማሳመን ሲያቅተኝ አንድ ቀን ሁለት እኩል የተቆረጡ ስፖንጆችን እኩል ውሃ አጠጥቼ፣ አንዱን ሩዝ ውስጥ ቀብሬ ሌላውን መስኮት ላይ አስቀምጬ፣ በማግስቱ በጎረቤቴ ወርቅ ቤት ሚዛን መዘንኳቸው። መስኮት ላይ ያደረው ቀሎ ተገኘ። የወርቅ ቤቱ ባለቤት በዓይኑ አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ «ትክክል ነህ» ብሎኝ ነበር፤ ወር ሳይሞላ የገዛ ልጁን ስልክ ሩዝ ውስጥ ቀብሮ አመጣልኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሩዙ ባይጠቅምም የማይጎዳ በሆነ፣ እኔም ዝም ባልኩ። ነገር ግን ውሃ የገባበት ስልክ ዝም ብሎ የረጠበ ዕቃ አይደለም። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክን እምብዛም አያስተላልፍም፤ የቧንቧም ሆነ የሐይቅ ውሃ ግን የሟሙ ጨዎችን ስለያዘ ያስተላልፋል። የሐዋሳ ሐይቅ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል የሚገባለትን ውሃ መልሶ የሚያወጣበት ወንዝ የለውም፤ ውሃው በትነት ሲሄድ ጨዉ እዚያው ይቀራል። ውሃን በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ለመበተን በንድፈ ሐሳብ 1.23 ቮልት ይበቃል፤ የስልክ ባትሪ ደግሞ 3.7 ቮልት ገደማ ይሰጣል። በዚህም የተነሣ ባትሪው እስካልተነቀለ ድረስ፣ ስክሪኑ ጨልሞም ቢሆን፣ ቦርዱ ላይ በቀረው ጨዋማ ጠብታ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል፤ በፖዘቲቭ በኩል ያለው መዳብ ይሟሟል፣ አረንጓዴና ነጭ ዝገት ይፈጠራል፣ ዝገቱም ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ተሻግሮ ሾርት ያደርጋል። ይህ ሥራ ስልኩ ውሃ ውስጥ በወደቀበት ቅጽበት ተጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ይቀጥላል። ማታውኑ ቢመጣልኝ በብሩሽና በአልኮል የሚጸዳው ቦርድ፣ በማግስቱ ፌስታሉን ስፈታ ጥቃቅን ክፍሎቹ ተበልተው፣ አንዳንዶቹም ብሩሽ ሲነካቸው እየረገፉ አገኛቸዋለሁ። ባለቤቱ ስልኩ አርፎ ሲደርቅ ያደረ ይመስለዋል።

ባለፈው ክረምት ቤታቸው ሩዝ ያልነበራቸው አንዲት እናት ስልካቸውን ጤፍ ውስጥ ቀብረው አመጡልኝ። የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ የታይፕ ሲ ቻርጅ ቀዳዳ ከፍታ ደግሞ ከሁለት ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ስልኩን ስገለብጠው ጤፍ ፈሰሰ። ያልፈሰሰው በቻርጅ ቀዳዳውና በድምፅ ማጉያው ውስጥ ረጥቦ ተጣብቆ ስለነበር በመርፌ ጫፍ እያወጣሁ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ውሃው ራሱ ያደረሰው ጉዳት ግን ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነበረው። እማማ አጥብቀው የጠየቁኝ ስለ ስልኩ አልነበረም፤ የተረፈው ጤፍ ይፈጭ እንደሆነ ነበር። ይፈጭ አልኳቸው።

ይህ የአንድ የሐዋሳ ጠጋኝ ብስጭት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ አፕል እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ መነጋገሪያ በሆነው መመሪያው አይፎንን ሩዝ ውስጥ መክተት እንደማይገባና የሩዙ ብናኝ ስልኩን ሊጎዳው እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል። «የእኔ ግን ድኖልኛል» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ድኗል። ውሃው ቦርዱ ድረስ ሳይዘልቅ ቀርቶ ነበርና ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥም፣ ሙቀጫ ውስጥ ቢከተትም ይድን ነበር። ከእነዚህ «ከዳኑት» መካከልም ጥቂት የማይባሉት ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ካሜራቸው ጭጋግ ይዞ ወይም ቻርጅ አልቀበል ብለው ይመለሱልኛል፤ ያን ጊዜ ግን ሩዙን የሚያነሣው የለም፣ «ዕቃው ኦሪጅናል አይደለም» ተብሎ ስልኩ ይወቀሳል።

እንግዲህ ማድረግ የሚገባው የሚከተለው ነው። ስልኩን ከውሃው እንዳወጣችሁት አጥፉት፤ «ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብላችሁ መልሳችሁ አታብሩት፣ ከሁሉም በላይ ቻርጅ ላይ አትሰኩት። ሽፋኑን አውልቁ፣ ሲም ካርዱንና ሚሞሪ ካርዱን አውጡ፣ ባትሪው በእጅ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ንቀሉት። ውጩን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና የቻርጅ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጋችሁ መዳፋችሁ ላይ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት፤ በኃይል አታራግፉት፣ ዳር ላይ የቆመውን ውሃ ወደ መሐል ይገፋዋልና። በአፍ አይነፋበትም፤ ጥጥም ሆነ ሶፍት ቀዳዳው ውስጥ አይከተትም። ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ፀጉር ማድረቂያ መደቀን ወይም የጋለ ምጣድ አጠገብ ማኖር (ይህንንም ያደረጉ አሉ) የስክሪኑን ሙጫ ያለሰልሳል፣ ባትሪውንም ይጎዳል። ከዚያ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ቦታ አድርጋችሁ በዚያው ዕለት ወደ ባለሙያ ውሰዱት። ባለሙያው ስልኩን ከፍቶ በመጀመሪያ ባትሪውን ይነቅላል፤ ቀጥሎም ክዳኖቹን አንሥቶ ቦርዱን በአይሶፕሮፒል አልኮል ያጥበዋል፣ አልኮሉ ከቺፖቹ ሥር ያለውን ውሃ ይዞት ይወጣልና፣ ራሱም ቶሎ ይተንናል። ባለሙያው ስልኩን ሳይከፍት «ይድረቅ፣ ነገ ና» ካላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

እውነቱንም ንገሩት። የገባበት ውሃ ሳሙና ያለበት፣ ለስላሳ መጠጥ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ከሆነ የማጠቡ ሥራ ስለሚለወጥ ሊያውቀው ይገባል። አንዳንዱ ደንበኛ ግን ስልኩ ከእጁ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ «በራሱ ነው የጠፋው» ይለኛል። ብዙ ስልኮች ውስጥ ውሃ ሲነካቸው ወደ ቀይ የሚለወጡ ትንንሽ ነጭ ምልክቶች ተለጥፈዋል፤ ከፍቼ ቀዩን ሳሳየው ሁለታችንም እናፍራለን። ከስልኩ ይልቅ የሚያሳስባችሁ በውስጡ ያለው ፎቶ ከሆነም አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ስልክን ለዘለቄታው መጠገንና ፎቶ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ማስነሣት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

«የእኔ ስልክ 68 ነው፤ ውሃ አይገባውም።»

ይህ አመለካከት ከውድ ስልክ ጋር ስለሚመጣ ኪሳራውም የዚያኑ ያህል ነው። በስልኮች መግለጫ ላይ አይፒ 68 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የተወሰደው ከዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 60529ኛ መስፈርት ሲሆን፣ 6ቱ አቧራን፣ 8ቱ ደግሞ አምራቹ ራሱ በገለጸው ጥልቀትና ጊዜ ውሃ ውስጥ መቆየትን ይመለከታል። ሙከራው የሚደረገው ባልተነካ አዲስ ስልክ፣ በንጹሕና በረጋ ውሃ ነው። በግፊት የሚረጭ ውሃ በዚያው መስፈርት ውስጥ 5 እና 6 የሚል የራሱ ቁጥርና የራሱ ሙከራ አለው፤ ስለዚህ 8 የተሰጠው ስልክ የግድ የቱቦ ውሃ ይቋቋማል ማለት አይደለም። የጥር 12 ደንበኞቼ ቅሬታ የሚነሣው ከዚህ ነው። ውሃ እንዳይገባ ስልኩን የሚያሽገው ሙጫ ከጊዜ ብዛት ይደክማል፤ ስልኩ ወድቆ ጠርዙ ከተጣመመ ወይም፣ በእኔም እጅ ቢሆን፣ ተከፍቶ ስክሪኑ ከተቀየረ በቁጥሩ መተማመን አይቻልም።

«አዲስ ስልክ መጀመሪያ ለስምንት ሰዓት ቻርጅ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላም ባትሪው ጨርሶ ሳያልቅ አይሰካም።» ይህ ምክር በዘመኑ መሠረት ነበረው፤ የተነገረውም ለኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነበር። ዛሬ በኪሳችን ያለው የሊቲየም አዮን ባትሪ፣ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያቀረበውና ሦስት ሳይንቲስቶችን በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያበቃው፣ ይህ ምክር አይመለከተውም። እንዲያውም በየጊዜው እስከ ዜሮ ማውረድ ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል ሲቆይ ይመቸዋል። አንዳንድ ሻጮች ግን የአባቶቻቸውን ባትሪ ምክር ከነካርቶኑ ማስረከባቸውን አልተዉም።

«ቻርጅ ላይ ያደረ ስልክ ይፈነዳል።» ባትሪው ሲሞላ የስልኩ መቆጣጠሪያ ራሱ ያቆመዋል። የሚያሰጋው ስልኩ ትራስ ሥር ታፍኖ መጋሉና በርካሽ የተገዛ አስመሳይ ቻርጀር ነው፤ እንዲህ ያሉትን ስከፍታቸው የሶኬቱን 220 ቮልት ከተጠቃሚው እጅ የሚለየው ክፍል ለስሙ ያህል የተሠራ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ፈጣን ቻርጀር ሌላ ስልክ ላይ ቢሰካ አያቃጥለውም፤ በ5 ቮልት ይጀምርና ከዚያ ከፍ የሚለው ስልኩ ራሱ ሲጠይቀው ብቻ ነው። የተከፈቱ መተግበሪያዎችን በየደቂቃው መዝጋት ባትሪ አይቆጥብም። የካሜራ ሜጋፒክስል መብዛት ብቻውን ፎቶ አያሳምርም።

የጋለ ስልክም ፍሪጅ ውስጥ አይከተትም፤ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ከላይ ጽፌዋለሁ። ይህን ያደረገ አንድ ወጣት ባለፈው ሳምንት መጥቶ ነበር። ሩዝ እንደማልወድ ከጓደኛው ስለሰማ ስልኩን ያመጣልኝ ምስር ውስጥ ቀብሮ ነው።