ስለ ልብ ቀዶ ሕክምና አጀማመር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

(ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የልብ ቀዶ ሕክምናን የጀመረው ክርስቲያን ባርናርድ ነው»

ባርናርድ በዲሴምበር 1967 ኬፕታውን ውስጥ የሰው ልብ ለሰው ሲተክል፣ ልብ በቀዶ ሐኪም እጅ መሰፋት ከጀመረ 70 ዓመት አልፎት ነበር። ጀርመናዊው ሉድቪግ ሬን ሴፕቴምበር 9 ቀን 1896 ፍራንክፈርት ላይ በጩቤ የተወጋ ወጣት ደረት ከፍቶ፣ እየመታ ያለውን ልብ ሰፋው። ወጣቱም ዳነ። የንቅለ ተከላውን ስልትም ቢሆን ቀድመው ያበጁት፣ ስታንፎርድ ውስጥ በውሾች ላይ ለዓመታት የደከሙት ኖርማን ሸምዌይና ሪቻርድ ሎወር ናቸው። የባርናርድን ድፍረት አልክድም፤ መንገዱን የጠረጉት ግን ሌሎች ናቸው።

«ከሬን በፊት፣ በ1893፣ ዳንኤል ሄል ዊልያምስ ልብ ሰፍቷል»

ይህ ጥቁር አሜሪካዊ ሐኪም ቺካጎ ውስጥ የሰፋው የልብን ሽፋን እንጂ ልቡን አልነበረም። ታካሚው ግን ተርፏል፤ ያውም ያለ ራጅና ያለ አንቲባዮቲክ። ለእኔ ክብሩ በዚህ አይቀንስም።

«ሰማያዊ ሕፃናትን ያዳነው ብላሎክ ነው»

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ኖቬምበር 29 ቀን 1944 በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ቢላውን የያዘው አልፍሬድ ብላሎክ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ወደ ሳንባቸው የሚሄደው ደም አንሶ ቆዳቸው ሰማያዊ ለሚሆን ሕፃናት ተጨማሪ የደም መንገድ እንዲበጅ ሐሳቡን ያመጣችው የሕፃናት ልብ ሐኪሟ ሄለን ታውሲግ ናት። ስልቱን በውሾች ላይ እየሞከረ፣ እያረመ ለሰው ያበቃው ደግሞ ቪቪየን ቶማስ ነው። ቶማስ አናጺ ነበር፤ ሐኪም ለመሆን ያጠራቀመው ገንዘብ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጠፋበት። ቀድሞ በሠራበት ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የተመራማሪ ሥራ እየሠራ፣ ጥቁር በመሆኑ በጽዳት ሠራተኛ መደብ ይከፈለው ነበር። የመጀመሪያዋ ሕፃን በቀዶ ሕክምና ላይ ሳለች ከብላሎክ ጀርባ መቆሚያ ላይ ወጥቶ ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግረው ነበር። በ1945 የታተመው ጽሑፍ ግን በብላሎክና በታውሲግ ስም ብቻ ወጣ። የክብር ዶክትሬት ያገኘው በ1976 ነው፤ ከ30 ዓመት በኋላ!

«ልብ ተከፍቶ መታከም የጀመረው ማሽን ሲመጣ ነው»

የልብና የሳንባን ሥራ በሚተካ ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካለት ጆን ጊበን ነው፤ በሜይ 1953። ጆን ሉዊስ ግን በ1952 ሚኒሶታ ውስጥ የአንዲት 5 ዓመት ልጅን አካል አቀዝቅዞ፣ ያለ ማሽን የልቧን ቀዳዳ ደፍኖ ነበር። በ1954 ደግሞ እዚያው ዋልተን ሊልሄይ የታማሚውን ልጅ ደም ሥር ብዙ ጊዜ ከወላጁ ደም ሥር ጋር አገናኝቶ፣ የጤነኛውን ልብና ሳንባ በማሽን ፈንታ ተጠቀመ። ከ45ቱ ታካሚዎች 28ቱ ድነው ከሆስፒታል ወጡ፤ ሰውነታቸውን ካዋሱት መካከል የሞተ የለም።