10 ጌጅ ሩቅ አይመታም፦ ስለ ሾትጋን የምሰማቸው ስህተቶች

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከቼሳፒክ ወሽመጥ በስተምሥራቅ፣ ዝይ ማደን ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ከሲልቨር ስፕሪንግም ከአሌክሳንድሪያም አዳዲስ አዳኞች ይደውሉልኛል። ብዙ ጥቃቅን ፍሬ ስለሚረጨው የአደን ጠመንጃ፣ ስለ ሾትጋን፣ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «10 ጌጅ ልግዛ? ሩቅ ይመታል አሉኝ።» አይመታም። መናገሩ ስለሰለቸኝ አንዴ ልጻፈው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንግባባ። ጌጅ የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ከአንድ ፓውንድ እርሳስ አፈሙዙን ልክ የሚሞሉ አሥር ድቡልቡሎች ከወጡ 10 ጌጅ ነው፤ አሥራ ሁለት ከወጡ 12 ጌጅ። በሚሊሜትር ሲለካ አንዱ 19.7፣ ሌላው 18.5 ገደማ ነው። ልዩነቱ ይህችው ናት። ከ10 ጌጅ በሰፋ ሾትጋን ስደተኛ ወፎችን ማደን ደግሞ በአሜሪካ ሕግ ክልክል ነው።

አሁን ወደ ዋናው። እኛ ያደግነው ስለ ምንሽርና ስለ አልቤን እየሰማን ነው። አንድ ጥይት፣ አንድ ዒላማ። ስለዚህ ጠመንጃው ሲወፍር የሚደርስበትም ይርቃል ብለን እናስባለን። ሾትጋን ግን የሚረጨው ብዙ ጥቃቅን ፍሬ ነው። 1 ከሩብ አውንስ በሚጭን የዝይ ጥይት ውስጥ፣ ቢቢ የሚባለው የብረት ፍሬ ከሆነ፣ 90 ገደማ አለ። እያንዳንዱ ለብቻው ይበራል። ያቺ 4.6 ሚሊሜትር ፍሬ ከ10 ጌጅም ትውጣ ከ12፣ አነሳሷ በእኩል ፍጥነት ከሆነ ዝይዋ ጋ ስትደርስ ጉልበቷ ያው ነው። ሰፊው አፈሙዝ የሚሰጣችሁ ተጨማሪ ፍሬ ነው። ፍሬ ሲበዛ በመሃላቸው ያለው ክፍተት ይጠባል። ይህን ጥቅም አልክድም። ግን ከ1988 ጀምሮ ርዝመቱ ሦስት ተኩል ኢንች የሆነ ትልቅ ጥይት የሚጎርስ 12 ጌጅ ስላለ፣ ያም ብልጫ በጣም ጠቧል።

ዋጋውን የሚከፍለው ትከሻ ነው። አንድ ጎበዝ ወዳጄ ትልቁን ጥይት ይዞ መጣና ጠዋቱን ሙሉ ሲስት ዋለ። «ጥይቱ ደካማ ነው» አለኝ። ሜዳ ወስጄው፣ ሳያየኝ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ አጎረስኩለት። ቃታውን ሲስብ ጠመንጃው ቀጭ አለ። አፈሙዙ ግን አንድ ስንዝር ወደ መሬት ወረደ። ዓይኑም ተጨፍኗል። ርግጫውን ፈርቶ ገና ሳይተኮስ እየገፋው ነበር። ሸሚዙን ገለጥ ሲያደርግ ትከሻው በልዟል። ባለ ሦስት ኢንች፣ ቀለል ያለ ጥይት ሰጠሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጀመሪያ ዝይውን 25 ሜትር ላይ ጣለ።

«የብረት ፍሬ አይገድልም፣ እርሳስ ይሻላል» የሚሉም አሉ። በእርሳስ የውሃ ወፍ ማደን ከ1991 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ተከልክሏል። ምክንያቱም ወፎቹ ጭቃ ውስጥ የቀረውን እርሳስ ከጠጠር ጋር ይውጡትና ይመረዛሉ። ብረት ቀላል መሆኑ እውነት ነው፤ የእርሳስ እፍግታ በኪዩቢክ ሳንቲሜትር 11.3 ግራም ሲሆን የብረት 7.8 ነው። መፍትሔው ፍሬውን በሁለት ቁጥር ማሳደግ ነው። በእርሳስ ቁጥር 4 ትጠቀሙ ከነበረ በብረት ቁጥር 2 ያዙ። እዚህም ቁጥሩ ሲያንስ ፍሬው ይተልቃል።

ረጅም አፈሙዝ ሩቅ ይመታል? አይመታም፤ ለመነጣጠር ግን ይመቻል።

ጥብቅ ቾክ፣ ማለትም ፍሬው እንዳይበተን የሚሰበስበው የአፈሙዝ ጫፍ ጥበት፣ ሁልጊዜ ይሻላል? በብረት አይደለም። ብረት እንደ እርሳስ ስለማይጨፈለቅ መካከለኛው ቾክ ይበቃዋል። ጫፉ በጣም የጠበበ የድሮ ጠመንጃ ደግሞ በብረት ሊበላሽ ይችላል።

«ከገባ ይሠራል» የሚለው ግን ያስፈራኛል። ባለ ሦስት ተኩል ኢንች ጥይት በባለ ሦስት ኢንች ጠመንጃ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሲተኮስ ግን የጥይቱ አፍ የሚከፈትበት ቦታ ያጣና ግፊቱ ከልክ ያልፋል። 20 ጌጅ ጥይት ደግሞ 12 ጌጅ ውስጥ ተንሸራቶ መሃል ላይ ይቀረቀራል። ባዶ መስሏችሁ ከኋላው ሌላ ብታጎርሱ አፈሙዙ ይፈነዳል። አፈሙዙ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አታጉርሱ። ሁለት ዓይነት ጥይት በአንድ ኪስ አትያዙ።

ጠመንጃ ከመቀየራችሁ በፊት ትልቅ ወረቀት ግዙ። በ36 ሜትር ርቀት ላይ ስቀሉት፣ አንዴ ተኩሱ፣ ፍሬው በበዛበት ዙሪያ 75 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ሥሩና ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ። በሦስት ወረቀት ድገሙት። መሃሉ ላይ መዳፍ የሚያክል ባዶ ቦታ ከታያችሁ ሌላ ቾክ ወይም ሌላ ጥይት ሞክሩ። ስትደውሉልኝም የወረቀቱን ፎቶ አስቀድማችሁ ላኩልኝ።