ሞትን ማሰብ በስቶይክ ፈላስፎች ዘንድ ምንድን ነው?

በጎጃም ገጠር ማታ ስለ ነገ ሥራ ሲወራ «ብንኖር» ወይም «ካሳደረን» ሳይባል ወሬው አይዘጋም፤ በዚያው ቤት ግን እሳት ዳር የተቀመጠ ልጅ ስለ ሞት ቢጠይቅ «አታሟርት» ተብሎ ይገሠጻል። ስቶይኮች የለመዱት የሞት ሐሳብ ከሟርቱ ይልቅ ለ«ብንኖር» ይቀርባል።

ስቶይኮች የሚባሉት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የቆጵሮሱ ዜኖ በአቴና ከተማ ያስጀመረውን ትምህርት የተከተሉ ናቸው፤ ዜኖ ያስተምርበት የነበረው በሥዕል ያጌጠ በረንዳ በግሪክኛ «ስቶአ» ይባል ስለነበር ስማቸው ከዚያ መጣ። መሞት በእጃችን አይደለም፤ እስክንሞት ድረስ ቀናችንን የምናውልበት ነገር ግን በእጃችን ነው ይላሉ።

ይህን ከሁሉ አብልጦ ያብራራው ሮማዊው ሴኔካ ነው። ለወዳጁ ለሉሲልዮስ ሲጽፍ፣ ሞትን ወደፊት ብቻ የሚጠብቀን አድርገን ማየታችን ስሕተት መሆኑን፣ ያለፈው ዕድሜያችን በሙሉ አስቀድሞ በሞት እጅ መግባቱን ያስረዳል። እንግዲህ አርባ ዓመት የሞላው ሰው አርባ ዓመት አለኝ ሊል አይችልም፤ አርባውን አስረክቧል። በሌላ ጽሑፉ ደግሞ ሰዎች የመሬታቸው ወሰን ጥቂት ቢነካ ድንጋይና መሣሪያ ለማንሣት ሲጣደፉ፣ ዕድሜያቸውን ሌላው እንዳሻው ሲገባበት ግን ዝም ማለታቸው ይደንቀዋል። ለግማሽ ጥማድ መሬት ከወንድሙ ጋር ተካስሶ ዓመታት ፍርድ ቤት ሲመላለስ የኖረ ሰው ለሚያውቅ የጎጃም አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

በባርነት የተወለደው ኤፒክቴተስ የሰጠው ምክር ከበድ ይላል፦ ልጅህን ስትስም የምትስመው ሟች መሆኑን ለራስህ ንገር ይላል። መጀመሪያ ሳነበው ጭካኔ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን የምረዳው በተቃራኒው ነው፤ ልጁ ነገም እንደሚኖር እርግጠኛ የሆነ አባት «ቆይ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ይመልሰዋል፣ እርግጠኛ ያልሆነ አባት ግን ሞፈሩን አስቀምጦ ያቅፈዋል። ብዙ ልጆቹን በሞት የተነጠቀው የሮም ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬልዮስም፣ አሁኑኑ ከዚህ ዓለም ልትለይ እንደምትችል ሆነህ ሥራ፣ ተናገር፣ አስብ ብሎ ለራሱ ጽፏል።

የቤተ ክርስቲያናችን አባቶችም ሞትን ማሰብን ያስተምራሉ፤ ነገር ግን እነርሱ ዓይናቸውን ወደ ፍርድና ወደ ትንሣኤ ሲያነሡ፣ ስቶይኮች በዚህች ቀን ላይ ያተኩራሉ። ሴኔካ ማታ መብራት ሲጠፋ የዋለበትን ቀን አንድ በአንድ ይመረምር ነበር፤ ወደ መኝታ ስንሄድም ኖሬያለሁ ብለን እንድንተኛ፣ ነገ ከተጨመረልንም በደስታ እንድንቀበለው ይመክራል።

ሞትን ማሰብ ሥራ ያስፈታል የሚል ሰው ሲገጥመኝ አያቴ ትዝ ይሉኛል። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትበረታ ከሣጥን መገነዣቸውን አውጥተው በአጥር ላይ ያሰጡት ነበር፤ እኛ ልጆቹ እየፈራን ዞር ስንል እርሳቸው ብል እንዳልነካው ጫፉን በጣታቸው እየዳሰሱ ያዩታል። አጥፈው ወደ ሣጥኑ ከመለሱት በኋላ «በል ዶማውን አቀብለኝ» ይሉኝና፣ ቅጠሉ ለዓመታት የማይደርስ የጌሾ ችግኝ ሊተክሉ ወደ ጓሮ ይወርዳሉ።