ከአራስነት በኋላ ወደ አንድ አልጋ መመለስ

በኢትዮጵያ ሴት ከወለደች በኋላ ባልና ሚስት አልጋ የሚለዩበት ጊዜ አለ። ጊዜውን የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ሐኪም ሳይሆን ሃይማኖትና የሴቷ እናት ናቸው። የመጀመሪያ ልጅ ከሆነ ብዙዎች እናታቸው ቤት ሄደው ይታረሳሉ፤ ባል ጠያቂ ይሆናል።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ቀኑ ወንድ ለወለደች 40፣ ሴት ለወለደች 80 ነው። ሕፃኑ ክርስትና የሚነሳውም፣ እናትየው ቤተ ክርስቲያን የምትገባውም ያኔ ነው። ቁጥሩ ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 የመጣ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ ነገሩን እስከ ኤደን ይወስደዋል፤ አዳም ገነት የገባው በ40፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ነው ይላል። በእስልምና የኒፋስ (ከወሊድ በኋላ የሚፈስ) ደም እስኪቆም ይጠበቃል። በሐነፊ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ቤት) ቢበዛ 40፣ በሻፊዒ ቢበዛ 60 ቀን ነው። ደሙ ቀድሞ ከቆመና ከታጠበች ክልከላው ያኔ ያበቃል። ቤተ እስራኤላውያንም ጎንደር ሳሉ አራሷን ለብቻዋ በተሠራ ጎጆ ያቆዩ ነበር፤ እነሱም ጋ ቁጥሩ ያው 40 እና 80 ነው።

ይህን ልማድ ኋላቀር ብሎ ማጣጣል ይቀላል። ግን እንቅልፍ ላጣች፣ ስፌቷ ላልደረቀላት ሴት ማንም የማይከራከረው እረፍት ሰጥቷታል። ከህክምናውም ብዙ አይርቅም፤ ማህፀን ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ 6 ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። እንግዴ ልጁ የተላቀቀበት ቦታ ቁስል ስለሆነ፣ ደም ሳይቆም ግንኙነት መጀመር ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። 80ው ግን የሃይማኖት ሥርዓት እንጂ የሰውነት ጉዳይ አይደለም። ማህፀን የልጁን ፆታ አይቶ አይድንም።

ችግሩ ቀኑ ሲሞላ ነው። አርባው ደረሰ ማለት ሴቷ ዝግጁ ናት ማለት አይደለም። የምታጠባ ሴት የኤስትሮጅን ሆርሞኗ ዝቅ ስለሚል ብልቷ ይደርቃል፣ ፍላጎቷም ይቀዘቅዛል። በኦፕራሲዮን የወለደችም ከዚህ አታመልጥም። ባል «ጠላችኝ» ብሎ ይኮርፋል፤ እሷ ደግሞ እያመማት ዝም ትላለች። ከፋርማሲ የሚገዛ በውኃ የተሠራ ማለስለሻ ብዙ ይረዳል። ኮንዶም ለሚጠቀሙ ግን ቫዝሊንና ዘይት አይሆኑም፣ ኮንዶሙን ያስቀድዱታል። ሳይቸኩሉ መጀመር፣ ሲያምም ማቆም ነው። ማቀፍና መሳም ደግሞ የአርባ ቀን ቀጠሮ አይፈልግም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እርግዝናው ላይ ነው። «እያጠባሁ ነው፣ አላረግዝም» የሚባለው እውነት የሚሆነው ሦስት ነገር አንድ ላይ ሲሟላ ብቻ ነው፦ ልጁ ከ6 ወር በታች ሲሆን፣ ሌት ተቀን ከጡት በቀር ምንም ሳይቀምስ፣ የወር አበባም ሳይመለስ። ሦስቱ ከተሟሉ መከላከያው 98 በመቶ ገደማ ይሠራል። አንዱ ከጎደለ ግን አያስተማምንም፤ ለሕፃኑ የሚቀመስለት አብሽም ሆነ ውኃ «ከጡት በቀር» የሚለውን ያፈርሰዋል። እንቁላል የሚወጣው ከወር አበባ በፊት ስለሆነ ደም ሳታይ የምታረግዝ አለች። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር ይቆይ ይላል። ማህፀን ውስጥ የሚገባው መከላከያ (ሉፕ) ከወለዱ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም ከጤና ጣቢያ ሳይወጡ ሊገባ ይችላል። ሁለት ሆርሞን ያለው የመከላከያ እንክብል ግን ለምታጠባ እናት 6 ወር ቢቆይ ይመረጣል።

ይህን ሁሉ ለመጠየቅ አመቺው ቀን የሕፃኑ የ45 ቀን ክትባት ነው። እናት ለራሷም ምርመራ ልትጠይቅ ትችላለች፤ ባልም አብሮ ቢሄድ ጥሩ ነው፣ ምንም እንኳ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ብቻ ቢሆንም። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም እንደገና የበረታ ደም ካለ ግን 45ኛውን ቀን ሳይጠብቁ መሄድ ነው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ለቅሶና ተስፋ መቁረጥም እንደዚያው ሐኪም ይፈልጋል።