የጀጎል እንግዳ ማረፊያዎችና የእንግዳን ቆይታ ማራዘም

በግንብ በታጠረችው የሐረር ጥንታዊ ከተማ በጀጎል ውስጥ ያሉት አነስተኛ እንግዳ ማረፊያዎች አብዛኞቹ ለሆቴልነት የተሠሩ አይደሉም፤ ቤተሰብ የሚኖርባቸው የሐረሪ ቤቶች ናቸው። ጥቂት ክፍሎች ለእንግዳ ይለቀቃሉ፤ ግቢው፣ ሳሎኑና ቁርሱ ግን ከባለቤቶቹ ጋር የጋራ ነው። በእነዚህ ቤቶች ቆይታ ማራዘም ማለት ለአንድ ሌሊት አልጋ ሊይዝ የመጣ እንግዳ ሦስት፣ አምስት ወይም ሰባት ሌሊት እንዲያድር ማድረግ ነው። ብዙ ባለቤቶች ይህን ሲያስቡ መጀመሪያ የሚታያቸው ዋጋ መቀነስ ነው። ቅናሽ ግን መጨረሻ ላይ መምጣት ያለበት ነገር ነው፤ እንግዳው ሐረር ለሦስተኛ ቀንም የሚታይ ነገር እንዳላት ካላወቀ በግማሽ ዋጋም ቢሆን አይቆይም።

የቆይታው ማጠር ከመንገዱ ይጀምራል። ሐረር አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ተጓዡ ድሬዳዋ አርፎ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በደንገጎ አቀበት ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ሐረር ይገባል። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅቦች በሰው እጅ ሲመገቡ ያያል። ጠዋት ጥንታዊ በሮቹን፣ የፈረንሳዊው ባለቅኔ የራምቦ ቤት የሚባለውን ሙዚየምና የሸሪፍን ሙዚየም አይቶ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ የልብስ ሰፊዎቹን ፎቶ አንስቶ ከምሳ በኋላ ይመለሳል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ዝናው ሰፍቷል፤ የአስጎብኚዎቹ መርሐ ግብር ግን ያው አንድ ሌሊት፣ ቢበዛ ሁለት ነው።

አንድ ሌሊት ብቻ የሚያድር እንግዳ ለቤቱ ውድ ነው። እሱ በወጣ ቁጥር አንሶላ፣ ፎጣና የትራስ ልብስ ይታጠባል፤ ክፍሉና መታጠቢያ ቤቱ ይጸዳል። ሐረር ላይ ይህ ሁሉ የውሃ ጉዳይ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ከተማዋ ዋና የውሃ ምንጯን አጥታለች፤ ዛሬ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ከጉድጓድ እየተገፋ ዳገት ይወጣል፤ በየሰፈሩም በፈረቃ ነው የሚደርሰው። ሮቶው ባዶ የሆነ ቤት ውሃ በቦቴ ወይም በጄሪካን ይገዛል። ለሳምንት የተቀመጠ እንግዳ አንሶላው አንዴ ወይም ሁለቴ ቢቀየርለት ይበቃዋል።

ሒሳቡን በምሳሌ ለማየት፣ አንድ አልጋ በሌሊት 1,000 ብር ይከራያል እንበል። በሳምንት ውስጥ በኢንተርኔት የመጡ አራት የአንድ ሌሊት እንግዶች ቢያድሩበትና ሦስት ሌሊት ባዶ ቢያድር ገቢው 4,000 ብር ነው፤ የማስያዣ ድረ ገጹ 15 በመቶ ኮሚሽን ሲቀነስ 3,400 ይቀራል፤ እጥበቱም አራት ጊዜ ነው። በቀጥታ ስልክ ደውሎ ሰባት ሌሊት የያዘ እንግዳ 20 በመቶ ቢቀነስለት 5,600 ብር ይከፍላል። ልዩነቱ የመጣው ባዶ ከሚያድሩት ሌሊቶች ነው። ስለዚህ ክፍሉ ያለ ቅናሽ በሚሞላበት ሰሞን የሳምንት ዋጋ ማቅረብ 1,400 ብር መጣል ይሆናል።

እንግዳውን የሚያስቀረው ግን ከተማዋ ራሷ ናት፤ እዚህ ላይ የቤቱ ሰው እውቀት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ከሐረር በስተምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባቢሌ አለች። የግመል ገበያዋ፣ ከእሷ አልፎ የዳካታ ሸለቆ ድንጋዮች፣ የዝሆኖቹ መጠለያም ጭምር አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃሉ። ዝሆን ማየት የሚፈልግ ገና ሳይነጋ መነሳት ስላለበት ሁለት ሌሊት ይይዛል። በኤረር ሸለቆ አናት ላይ ያለችው የአርጎባዎቹ መንደር ኮረሚ በድንጋይ ቤቶቿ ሌላ ግማሽ ቀን ትወስዳለች። ቆላ መውረድ የሚሻ ደግሞ ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ውሎ ማታ ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ የሚልቀው ግን ቤቱ ውስጥ ያለው ነው። የሐረሪ ቤት ሳሎን ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት ነደባዎች (የመቀመጫ መደቦች) አሉት፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ወግ አለው፤ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሸፍኗል። የአንድ ሌሊት እንግዳ ይህን ፎቶ ያነሳል። አራት ቀን የተቀመጠ ግን ጫማውን በር ላይ አውልቆ ቦታውን አውቆ ይቀመጣል፤ ጠዋት ከቡና ገለባ በወተት የተፈላ ሆጃ ይጠጣል፤ ከሰዓት ከቤቱ እናት አጠገብ ሆኖ ትንሽ ሙዳይ ይጀምራል። ስፌት በአንድ ቀን አያልቅም። የጀመረውን ለመጨረስ ሲል ሌሊት የሚጨምር እንግዳ አለ፤ ሌሊት ባይጨምር እንኳ ለትምህርቱ የሚከፍለው በቀጥታ ለባለሙያዋ እጅ ይገባል።

ቆይታውን እንዲያራዝም እንግዳው መቼ ይጠየቅ ለሚለው፣ የሚሻለው ሁለተኛው ቀን ቁርስ ላይ ነው። ሲገባ ደክሞታል፤ ሲወጣ ደግሞ መኪናው በር ላይ ቆሟል። ሁለተኛው ጠዋት ላይ ከተማዋን ቀምሷል፣ ገና አልጠገበም። «ነገ የባቢሌ ገበያ ይቆማል፤ መኪና የሚጋራዎት ሰው አለ» ማለት «ቅናሽ እናደርጋለን» ከማለት የበለጠ ይሠራል። አልጋው ለሌላ ሰው ተይዞ ከሆነ ግን ቃል መግባት አይገባም።

ቤቱ የቀን መቁጠሪያ ግድግዳው ላይ ሊሰቅል ይገባል። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ነው፤ ያን ሰሞን ከድሬዳዋ እስከ ሐረር አልጋ ይጠፋል። የሐረሪዎች በዓል ሸዋሊድ ከኢድ አልፈጥር በኋላ ስድስቱ የሸዋል ጾም ቀናት ሲያበቁ ይከበራል፤ በ2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ቤተሰብ ይዘው የሚመጡት በእሱ ነው። የእስልምናው አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ በዓሉን ቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል። በእነዚህ ሰሞኖች ቅናሹ ይነሳል፤ በምትኩ ቢያንስ ሦስት ሌሊት መያዝና ቀብድ መክፈል ይጠየቃል። ቀብዱ መቼ እንደሚመለስና መቼ እንደማይመለስ አስቀድሞ በጽሑፍ መሰጠት አለበት።

ረጅም የሚቆዩት ቱሪስቶች ብቻ አይደሉም። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ስለሆነ ተመራማሪ ይመጣል፤ የድርጅት ሠራተኛ አለ፤ የቅርስ ጥገና ባለሙያም አለ። እነዚህ የሚጠይቁት ጠረጴዛ፣ የማይቆራረጥ ዋይፋይ፣ ልብስ ማጠቢያና ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ የማይሰጥ ቤት የድርጅት እንግዳ አያገኝም። የውጭ ዜጋ ሲሆን የቪዛውን ቀን ማየት ተገቢ ነው፤ የቱሪስት ኢ-ቪዛ የ30 ወይም የ90 ቀን ነው፤ የ30 ቀኑን ይዞ ለወር ክፍል የጠየቀ ሰው ቀሪ ቀኑ ላይበቃው ይችላል።

እንግዳው በቆየ ቁጥር ከቤቱ ሰው ጓዳ፣ ሶላትና እንቅልፍ ጋር ይበልጥ አብሮ ይኖራል። ስለዚህ የመጠጥ፣ የማታ መግቢያ ሰዓትና እንግዳውን ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ጉዳይ ከመጀመሪያው ሌሊት በፊት ይነገራል፤ ከሳምንት በላይ ለሚቆይ ደግሞ በግቢው በር የሚገባበት የራሱ ቁልፍ ይሰጠዋል።