ለሙያ ጉባኤ ወደ ደብረ ብርሃን መሄድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጤና፣ የግብርና፣ የትምህርትና የምህንድስና ባለሙያዎች ጉባኤያቸውን ከአዲስ አበባ ወጣ ብለው ማካሄድ ሲፈልጉ ደብረ ብርሃንን ማሰባቸው የተለመደ ነው። ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከአዲስ አበባም የምትርቀው 130 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ተሳታፊውን የሚያዘናጋውም ይኸው ቅርበቷ ነው። ወደ ጎንደር ወይም ወደ ጅማ ለመሄድ ቀደም ብሎ የሚዘጋጅ ባለሙያ ወደ ደብረ ብርሃን ሲሆን ቦርሳውን የሚያዘጋጀው በዋዜማው ማታ ነው። ከታች የምንዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ መዘናጋት የሚመጡ ናቸው።

«ቅርብ ናት፤ ጠዋት ተነስቼ እደርሳለሁ።»

ሰዓቱን ከቤትዎ በር እስከ አዳራሹ በር ይቁጠሩት። በሕዝብ ትራንስፖርት የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ላምበረት መናኸሪያ መድረስ አለበት። ሚኒባሱ የሚነሳው ወንበሩ ሲሞላ ነው። ከዚያ በለገጣፎና በሰንዳፋ በኩል መጨናነቁ አለ፤ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፎ ደብረ ብርሃን ለመግባት መንገዱ ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ከጠዋቱ 12፡00 ከቤት የወጣ ሰው 4፡00 ላይ አዳራሽ ቢደርስ ቀንቶታል። በዚያ ሰዓት ምዝገባው ተዘግቷል፣ የመክፈቻ ንግግሩም አልቋል፤ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጽሑፍ የሚያቀርበው እሱ ከሆነ ደግሞ ተራው አልፏል።

ስለዚህ በዋዜማው፣ ከተቻለም ከቀትር በፊት ይነሱ፤ በብርሃን ይድረሱ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይህ መስመር በጸጥታ ምክንያት የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ በሚነሱበት ዕለት ጠዋት መናኸሪያውንና አዘጋጁን ሁለቱንም ይጠይቁ። የትናንት መረጃ ለዛሬ አይበቃም። መታወቂያዎና የመሥሪያ ቤትዎ የድጋፍ ደብዳቤ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ፤ ኬላ ላይ ከመኪናው ጣሪያ ሻንጣ አስወርዶ ወረቀት መፈለግ ተሳፋሪውን ሁሉ ያዘገያል።

ደብረ ብርሃን የመንገደኞች አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከመቀሌ ወይም ከባሕር ዳር በአየር የሚመጣ ተሳታፊ ቦሌ አርፎ በመኪና ነው የሚቀጥለው። የመመለሻ በረራውን ጉባኤው በሚዘጋበት ዕለት ማታ መቁረጥ የማንመክረው ለዚህ ነው፤ መዝጊያው አንድ ሰዓት ቢዘገይ በረራው አመለጠ ማለት ነው።

«ፕሮግራሙ ላይ 9፡00 ይላል።»

የማን 9፡00? ከውጭ ድርጅት ጋር በጋራ የሚዘጋጅ ጉባኤ ፕሮግራሙን በፈረንጅ ሰዓት ያወጣል፤ ያ 9፡00 በእኛ ከጠዋቱ 3፡00 ነው። የጥሪ ደብዳቤው በአማርኛ፣ ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ሲሆን ሁለቱን አስተያይተው ያንብቡ። ቀኑም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል፤ የአንድ ቀን ልዩነቱም እስከ የካቲት ይዘልቃል። በልማድ በጭንቅላቱ የሚያሰላ ሰው በእነዚያ ወራት በአንድ ቀን ይሳሳታል። አልጋ ሲይዙ ቀኑን ከነዕለቱ ስም ይናገሩ፦ «ሐሙስ፣ ኅዳር ይህን ያህል»። ዕለቱ ከተጠራ ስህተቱ ወዲያው ይታያል።

«ብርዱ የክረምት ነው፤ በበጋ ጃኬት አያስፈልግም።»

እውነታው ከዚህ ተቃራኒ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባም ወደ 500 ሜትር ትበልጣለች። በክረምት ደመናው ሌሊት እንደ ክዳን ሆኖ ሙቀቱን ያቆየዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድሩ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቀዋል፤ ወደ ንጋት ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ውርጭም ይጥላል። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። አንድ ወፍራም ካፖርት ብቻ የያዘ ሰው ጠዋት ይመቸዋል፣ በስድስት ሰዓት ያልበዋል፣ ማታ በላብ የራሰ ሸሚዝ ለብሶ ይንቀጠቀጣል። የሚሻለው ደራርቦ መልበስ ነው፦ ከውስጥ ስስ ካኒቴራ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከዚያ ኮት። ለማታ ጋቢ፣ ለእግር ወፍራም ካልሲ፣ ለከንፈር ቫዝሊን፣ ለቀኑ ኮፍያ ይጨምሩ። ሆቴል ሲገቡ ቁልፍ ከመቀበልዎ በፊት ሁለተኛ ብርድ ልብስ ይጠይቁ፤ ማታ አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ሲጠይቅ ያልቃል። የውኃ ማሞቂያው መሥራቱን ሻንጣ ሳይፈቱ ይዩ፤ መብራት ሊሄድ ስለሚችልም ውኃው ገና ሙቅ ሳለ በማታው ይታጠቡ።

«ለደብረ ብርሃን ብርድ መድኃኒቱ አረቄ ነው» የሚለውም እዚሁ መታረም አለበት። አረቄ ቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ሞቅ ያለ የሚመስለው ደሙ ወደ ቆዳ ስለሚወጣ ነው። ያ ሙቀት ግን ከሰውነት እየወጣ የሚሄድ ሙቀት ነው። ጠጥቶ ወደ ውርጩ የወጣ ሰው ካልጠጣው ይልቅ ቶሎ ይቀዘቅዛል። እንቅልፉም ይቆራረጣል፤ በማግስቱ ጽሑፍ ለሚያቀርብ ሰው ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ትኩስ ሾርባና አጥሚት የሚሰጡት ሙቀት የእውነት ነው።

ከጋምቤላ፣ ከአፋር ወይም ከሸዋ ሮቢት ለሚመጡ አንድ ነገር እንጨምር። የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር በላይ ሊጀምር ይችላል። በአንድ ቀን ከቆላ ደጋ የወጣ ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት ራሱን ቢያመው ወይም ደረጃ ሲወጣ ቢያለከልክ አይደንግጥ፤ ውኃ ይጠጣ፣ ቀለል ያለ እራት ይብላ፣ ይረፍ። ሕመሙ ካየለ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ግን ሳይዘገይ ሆስፒታል ይሂድ።

«ፍላሽ ከያዝኩ ሌላው እዚያ ይገኛል።»

ጥሩ ጥናት መድረክ ላይ ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል፤ መንስኤውም አብዛኛውን ጊዜ ፎንት ነው። በአማርኛ የተዘጋጀ ፓወርፖይንት በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ከሦስት ነገሮች አንዱ ሊደርስበት ይችላል። ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ ከሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ) በፊት በተሠራ ፎንት፣ ለምሳሌ በቪዥዋል ግዕዝ፣ የተጻፈ ከሆነ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። በዩኒኮድ ተጽፎም ማሽኑ ጭራሽ የግዕዝ ፎንት ከሌለው ባዶ ሳጥን ይደረደራል። ሦስተኛው አታላይ ነው፤ ጽሑፉ ይነበባል፣ ነገር ግን ኮምፒውተሩ በሌላ ፎንት ስለተካው መስመሩ ይረዝምና ከሠንጠረዡ ይወጣል። ኒያላ የተባለው ፎንት ዊንዶውስ 10 ላይ ከመጀመሪያው ተጭኖ አይመጣም፣ ኢብሪማ ግን አለ፤ በኒያላ ተስተካክሎ የተሠራ ስላይድ አዳራሽ ሲደርስ የሚዝረከረከው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፓወርፖይንት ላይ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ብለው ይግቡና ፎንቱን ከፋይሉ ጋር የሚያስረውን ምርጫ ምልክት ያድርጉ፤ ከሥሩ ካሉት ሁለት አማራጮችም ሁሉንም ፊደላት የሚያካትተውን ይምረጡ። በዚያ ላይ አንድ የፒዲኤፍ ቅጂ ያዘጋጁ። ፒዲኤፍ ተንቀሳቃሽ ነገር አያሳይም፣ ፊደሉን ግን አያበላሽም። ፋይሉን ለራስዎ በኢሜይልም ይላኩት፤ ፍላሽ በብዙ ኮምፒውተር ሲሰካ ቫይረስ ይይዛል።

የፊደሉ መጠን ከ24 አይነስ። የእኛ ፊደል ቡ፣ ቢ እና ቤ የሚለዩት በትንሽ ቅጥያ ስለሆነ ከኋላ ወንበር ለተቀመጠ ሰው ትንሽ ጽሑፍ ተመሳስሎ ይደበዝዛል። መስኮቱ ሰፊ፣ መጋረጃው ስስ በሆነ አዳራሽ ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ይሻላል። 15 ደቂቃ ከተሰጠዎት 12ቱ የእርስዎ፣ 3ቱ የጥያቄ ነው፤ ከ10 ስላይድ በላይ አይያዙ።

አዲስ ላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ ብቻ ሲኖረው የቆየ ፕሮጀክተር ቪጂኤ ብቻ ሊቀበል ይችላልና ማገናኛውን አዳፕተር ራስዎ ይያዙ። መብራት ለአፍታ ሄዶ ቢመጣ እንኳ ባለ አምፖል ፕሮጀክተር እስኪቀዘቅዝ ለጥቂት ደቂቃ አልበራም ይላል። በዚያ ጊዜ ከወረቀት የሚያነቡት አንድ ገጽ ማጠቃለያ በእጅዎ ይኑር። ፖስተር የሚያቀርቡ ከሆነ ኤ0 ማለት 84.1 በ118.9 ሴ.ሜ. ነው፤ መቆሚያው ለቁም ይሁን ለአግድም አዘጋጁን ሳይጠይቁ አያሳትሙ።

«የመስክ ጉብኝቱ ሽርሽር ነው።»

40 ኪ.ሜ. ገደማ ወደሚርቀው አንኮበር ከሆነ ለብርዱ የያዙት ልብስ ይበቃል። አውቶቡሱ ጣርማ በርን አልፎ፣ በጣሊያን ጊዜ የተቦረቦረውን ዋሻ ተሻግሮ ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከ100 ኪ.ሜ. ባነሰ መንገድ ከ1,500 ሜትር በላይ ይወርዳሉ፤ ሙቀቱም በ10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ የሚያጥወለውለው ሰው ከፊት ይቀመጥ፣ ሆዱንም አይሙላ።

ዋናው ጉዳይ ወባ ነው። ሸዋ ሮቢት ወባማ ቆላ ናት። እዚያ የሚያመሹ ከሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ ረጅም እጅጌ ይልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ይቀቡ፤ የሚያድሩ ከሆነ አጎበር ያለው ክፍል ይጠይቁ። የወባ ትኩሳት ከተነደፉ ቢያንስ ከሳምንት ገደማ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ያን ጊዜ እርስዎ አዲስ አበባ ቢሮዎ ገብተዋል። ጉንፋን ነው ብለው እንዳይተኙ፤ ለሐኪሙ «ሸዋ ሮቢት ነበርኩ» ብለው ይናገሩና ደምዎን ያስመርምሩ።

«ወረቀቱ ስመለስ ይደርሳል።»

አይደርስም። አዘጋጆቹ በመዝጊያው ማግስት ይበተናሉ፤ ማኅተሙም ከእነሱ ጋር ይሄዳል። የአቴንዳንስ ፊርማ በየቀኑ፣ ብዙ ጊዜም ጠዋትና ከሰዓት ለየብቻ ይፈረማል። የጎደለ ፊርማ የአንድ ቀን አበል ያስቀራል። የሆቴሉ ደረሰኝ የማሽን መሆኑን፣ የመሥሪያ ቤትዎ ስምና የቲን ቁጥሩ በትክክል መጻፉን ከመስኮቱ ሳይለቁ ያንብቡ፤ በሌላ ስም የተቆረጠ ደረሰኝ ሒሳብ ክፍል አይቀበለውም። የትራንስፖርት ቲኬቱን እዚያው ፎቶ ያንሱት፤ ስስ ወረቀት ላይ የታተመ ጽሑፍ ቶሎ ይደበዝዛል።

የጤና ባለሙያ ከሆኑ ለፈቃድ እድሳት የሚቆጠረው እውቅና ያለው አካል የሰጠው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ እንጂ ማንኛውም የተሳትፎ ምስክር ወረቀት አይደለም። ይህን ሳይመዘገቡ በፊት ይጠይቁ። ምስክር ወረቀቱን ሲቀበሉ ስምዎ በመታወቂያዎ ላይ እንዳለው መጻፉን፣ ቀኑ፣ ፊርማውና ማኅተሙ መሟላታቸውን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ያረጋግጡ፤ ስህተት ካለውም ሳይነሱ ያሳርሙት።